የተኛ ሾፌር አይቀሰቀስም

ጋሽ ቱሉ የሞቱት የካቲት አንድ ቀን፣ በልደታ ዕለት ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ነጠላ የለበሰው ሰው ቁልቁለቱን ይዞ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ከሰንጋ ተራ ከፍ ብሎ ካለው የጭነት መኪኖች ግቢ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ኋላ ሲጠየቁ ፍንዳታ ነው ያለ የለም። አንዲት ጧፍ ሻጭ ብቻ፣ «ትልቅ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ነው የሚመስለው» አለች።

ኢንስፔክተር ትሕትና ወልደአማኑኤል ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ከቆመበት ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ የተሳቢው ጀርባ ከግንቡ ጋር ተላትሟል። ከግንቡ ሥር በጋቢ ከተሸፈነው አስከሬን ቀኝ እጅ ብቻ ወጥቶ ይታያል። ከእጁ አጠገብ በግራሶ የጠቆረ የእንጨት ታኮ ወድቋል፤ ሾፌሮች መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚሸጉጡት ዓይነት።

ሳጅን ቶሌሳ ቀድሞ ደርሶ ጉዳዩን ጨርሶት ነበር።

«ልጁ ንጋት ላይ ከጋላፊ ገባ። ሮቤራ ይባላል፣ አዲስ ሾፌር ነው። እንቅልፍ እያዳፋው መጥቶ የእጅ ፍሬን ሳይዝ፣ ታኮ ሳያደርግ፣ ጫማውን ደረጃው ላይ አውልቆ ጋቢና ውስጥ ተጋደመ። መኪናው ቁልቁል ሄደ። ሽማግሌው ሊያቆሙት ታኮ ይዘው ሮጡ። አለቀ።»

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

«በጫማው ምክንያት ነው፣ ኢንስፔክተር። ይዩት።»

ጫማው በጋቢናው መውጫ ደረጃ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ እንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሆኖ ተቀምጧል። ቡናማ ሸራ ነው። ሳጅን ቶሌሳ በእስክሪብቶ ገለበጠው። ሶሉን አቋርጦ የሚያልፍ ቀይ ነገር አለ።

«ደም ይመስለኛል። ልጁ ግን ለመተኛት ከወጣሁ ወዲህ አልወረድኩም ነው የሚለው። ጣቱም ላይ አለ። እኔ የምለው ወርዶ አይቷቸው፣ ሲደነግጥ ተመልሶ ወጥቶ የተኛ መስሎ ነው። ምናልባትም ከዚያ የከፋ ነገር ይኖራል።»

ትሕትና ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ፊታቸውን አየች፤ መልሳ ሸፈነችው።

*

ጋሽ ቱሉ የአባቷ ባልደረባ ነበሩ። ሁለቱ በሁለት መኪና፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ እየሆኑ አሰብ ድረስ ሲመላለሱ ኖረዋል። ያኔ ሰንጋ ተራ ፎቅ አያውቅም። ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ አጥሩ ከአጥር ተደግፎ የቆመ፤ የአንዱ ቤት ሬዲዮ ለአምስት ቤት የሚሆን። አባቷ ከመንገድ ሲመጣ መኪናውን በራቸው ላይ ያቆምና ከፊት ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ ይሸጉጣል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጥና፣ በባዶ እግሩ ገብቶ ይተኛል። ጫማው እዚያ ከታየ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኳሱን ይዞ ወደ ላይኛው ሜዳ ይሄዳል። ዝም በሉ የሚል ሰው አያስፈልግም ነበር። እሷም በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ትገባና፣ የአባቷ ሸሚዝ ላይ የቀረውን የናፍጣ ሽታ ትስበዋለች። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከየትኛውም ሽቶ ይበልጥባታል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት አንድ ነጋዴ ጭነቱ አስቸኮለው። ጋሽ ቱሉን ለመነ፤ ጋሽ ቱሉም አባቷን ገና ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይተኛ ቀሰቀሱት። አባቷ በዚያው ጉዞ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ሞተ። ለቅሶው ቤት ጋሽ ቱሉ እናቷ እግር ሥር ተቀምጠው፣ «እኔ ነኝ የቀሰቀስኩት» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በየልደታው ዕለት እየመጡ የእናቷን ደጅ ያንኳኩ ነበር።

አለቃዋ በስልክ፣ «ሰውየውን የምታውቂያቸው ከሆነ ለሌላ ልስጠው?» አላት።

«ልደታ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሲሞት ያኔ ለሌላ ይስጡት» አለችው።

*

ጋሽ ቱሉ መሪ መያዝ ካቆሙ በኋላ ሥራቸው አዳዲስ ሾፌሮችን ማስተማር ነበር። ክፍላቸው ግቢው ጥግ ያለ አሮጌ ኮንቴይነር ነው፤ ጎኑ ተቆርጦ መስኮት ወጥቶለታል። ትሕትና ስትገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የመጨረሻው ትምህርት አልጠፋም። በጠመኔ ሃያ አራት ሣጥን ተሠርቷል፤ ለቀኑ ሃያ አራት ሰዓት። ጥቂቶቹ ሣጥኖች በጠመኔ ተሞልተዋል። ከሥሩ በሚንቀጠቀጥ እጅ ተጽፏል፦

«አራት ሰዓት ነዳህ፣ ግማሽ ሰዓት ውረድ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ስልክ መነካካት መውረድ አይደለም። በቀን ስምንት ሰዓት መሪ ይበቃሃል። ወረፋ እረፍት አይደለም፤ ዓይንህ አልተከደነም።»

ከበሩ በላይ ደግሞ በቆርቆሮ ላይ፦ «የተኛ ሾፌር አይቀሰቀስም። ማንም ቢሆን።»

«ይቺን ‹ማንም ቢሆን› ለእኔ ብለው ነው የጨመሯት» አለ አንድ ድምፅ ከደጃፉ።

የስምሪት ኃላፊው አሌክስ ነበር። ሠላሳ ሦስት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ። ዓይኑ ቀልቷል። እጁን ዘረጋላት። ስትጨብጠው የአባቷ ሸሚዝ ትዝ አላትና ለአፍታ እጁን ሳትለቅ ቀረች።

«እንጣላ ነበር፤ አልዋሽም» አለ። «እኔ ደንበኛ ይጮህብኛል፣ እሳቸው በሰሌዳቸው ይጮሁብኛል። ግን አባቴ ናቸው። ግቢው ሁሉ አባቱ ናቸው።»

«ክፍላቸው ገብተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? አንድ ቀንም። እኔ ከመኪና ጋር የምገናኘው በስክሪን ነው፣ ኢንስፔክተር። ከራሴ ቪትዝ በቀር በእጄ የነካሁት መኪና የለም። ግራሶ አልወድም።»

«አደጋው ሲደርስ የት ነበርክ?»

«ቢሮ። ኮምፒውተር ላይ። ጋሽ ቱሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ነጠላቸውን ለብሰው ልደታን ልሳለም ብለው ሲወጡ ነው። ሲመለሱ አላየሁም።» ድምፁ ተሰበረ። «ብመለከት ኖሮ።»

የሮቤራን የጉዞ መዝገብ ጠየቀችው፤ ሳያመነታ ሰጣት።

*

ሮቤራ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ጉዞው ነበር። በባዶ እግሩ እንደተያዘ ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ቀልቷል።

«ምን እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ?» አለችው ትሕትና።

«ሳጅኑ ነግሮኛል። ቢያንስ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ጣቴ ላይ ያለው ደም ከሆነ ደግሞ...» ቃሉን አልጨረሰውም። «እናቴ መንጃ ፈቃዴን ፍሬም ውስጥ አድርጋ ሰቅላዋለች። ኮፒውን።»

«ታኮ አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ።»

«በእርግጠኝነት?»

«ከፊት ጎማው ኋላ። በእጄ። ግንቡ ሥር ከተደረደረው ፊት ለፊት ያለውን አንስቼ። ገና ጨለም ያለ ነበር። የእጅ ፍሬንም ይዣለሁ።»

«ሳጅን ቶሌሳ ሲመጣ ከጎማው ሥር ምንም አልነበረም። የእጅ ፍሬኑም ተለቋል።»

ልጁ የቀሉ ጣቶቹን መዳፉ ውስጥ ሸሸገ።

«እሺ። መንገድ ላይ የት ተኛህ?»

«አዋሽ። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ በፊት ሚሌ ላይ ሠላሳ ደቂቃ፣ ገዋኔ ላይ ሠላሳ ደቂቃ።» የቃል ጥናት እንደሚወጣ ተማሪ አወረደው።

መዝገቡን ገለጠችው። የተባለው ሁሉ ተጽፏል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንድ እጥፋት ሳይኖረው። መኪናው ላይ የተገጠመው መከታተያ ያወጣውን ወረቀት ከጎኑ አስቀመጠች።

«ይሄኛው ደግሞ ከጋላፊ እስከ ልደታ ጎማው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የቆመው ይላል።»

ሮቤራ ወረቀቱን ሳይሆን እግሩን አየ። «ተኝቻለሁ» አለ።

ሳጅን ቶሌሳ ከበሩ ሆኖ ተነፈሰ። ትሕትና ስትወጣ ተከትሏት፣ «እንቅልፉን የዋሸ ታኮውንም ይዋሻል» አላት።



*

የግቢው ጥበቃ ዳዊ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከበሩ ፈቀቅ እንዳላሉ፣ የውጭ ሰው እንዳልገባ በቅድስት ልደታ ስም ምለው ነበር። ችግሩ ጧፍ ሻጯ በዚያው ሰዓት ጧፍ ሸጣላቸዋለች።

«ጋሽ ዳዊ፣ የማሉባትን ልሳለም ብለው ነው እንዴ በሩን የተዉት?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሩብ ሰዓት ብቻ ነው ልጄ። ተሳልሜ ልመለስ። ካወቁብኝ ያባርሩኛል።»

«በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው። ማንም ሊገባ ይችል ነበር።»

«ማን ይገባል? በሩ ተዘግቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሮቤራ መኪና መውጫውን አፍኖታል። ከሱ ቀድሞ ገብቶ ጎማ ያወረደ አይሱዙ እንኳ ውስጥ ታግቶ ጥሩምባውን ሲነፋ ነው ትቼው የወጣሁት። የወሩን ልደታ በጥሩምባ ላሳልፈው እንዴ አልኩኝና።»

ሳጅን ቶሌሳ ሳቀ። ትሕትና ግን ስለ በሩ ብቻ አሰበች። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሰዓት ሊገባ የሚችል የውጭ ሰው ሲፈልጉ ዋሉ። ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ ከጋሽ ቱሉ ጋር ተጣልቶ የነበረ መካኒክ ተገኘ፤ በዚያ ጠዋት ግን ለካ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጥርሱን ሲያስነቅል ነበር፣ ጉንጩ አብጦ ራሱ ምስክር ሆነ።

ማምሻውን፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ትሕትና ጫማውን ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችው። ወደ ምርመራ ክፍል ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ልታየው ነው። አየችውና ቁጭ አለች። ብዙ ደም አይታለች። ደም ሲውል ይጠቁራል። ይሄ ጠዋት እንዳየችው ቀይ ነው።

*

በማግስቱ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ልደታ ኮንዶሚኒየሙ መሐል ተተክሎ ነበር። ቀድሞ ቢሆን ይሄን ድንኳን ሰፈሩ ነበር የሚተክለው፤ አሁን ግማሹ ነዋሪ የሞተው ማን እንደሆነ እየጠየቀ ያልፋል። ትሕትና የአባቷ ዘመን ሾፌሮችን ፈለገች። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ከዘራ ይዘዋል፤ ሦስተኛው ዓይኑ አያይም፣ ግን በጥሩምባ ድምፅ የየትኛው ፋብሪካ መኪና እንደሆነ ዛሬም ይለያል ብለው አሾፉበት።

ጋሽ ቱሉ ያስተማሯቸው ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ከመሐላቸው አንዲት ሴት አለች፤ ሴና ትባላለች፣ በግቢው የመጀመሪያዋ ሴት ሾፌር ለመሆን አንድ ወር ቀርቷታል። ንፍሮ ስታዞር ትሕትና ጥፍሯን አየችው።

«የምን ቀለም ነው ሴና?»

ልጅቱ እጇን ሰበሰበች። «የጥፍር ቀለም አይደለም፣ ለቅሶ ላይ እንደዚያ አላደርግም። የዘይት ቀለም ነው። አልለቅ ብሎኝ ነው።»

«ከየት የመጣ?»

«ከታኮው። በዋዜማው ከሰዓት ጋሽ ቱሉ ለእያንዳንዳችን አዲስ ታኮ አስጠርበው ስማችንን እንድንጽፍበት ቀይ ቀለም ሰጡን። የሮቤራን እሱ መንገድ ላይ ስለነበር ራሳቸው ጻፉለት። ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ማታም አልደረቀም ነበር። ግንቡ ሥር ደርድረነው ሄድን። የሱን ከፊት አደረጉለት፤ ሲመጣ እንዲያገኘው።»

ትሕትና የያዘችውን ንፍሮ መልሳ ሣህኑ ላይ አደረገች።

«ሴና፣ ታኮ ሲደረግ ቀጥሎ ምን ይደረጋል? እንዴት ነው ያስተማሯችሁ?»

«ቀጥሎማ ጫማ ነው። ለመተኛት ስትወጣ ጫማህን አውልቀህ ታኮው ላይ ታስቀምጣለህ። ደረጃው ላይ ያስቀመጠ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይውላል፣ እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ።» በለቅሶው መሐል ትንሽ ፈገግ አለች። «ስትነቃ እንቅልፍ ያሰከረው ሰው ቀጥታ ሞተር ነው የሚያስነሳው። ጫማህ ታች ከሆነ ግን መውረድ ግድ ነው። ስትወርድ ታኮውን ታያለህ፣ ጎማህን ታያለህ፣ ቀዝቃዛ መሬት ትረግጣለህ። ያኔ ነው የነቃኸው ይላሉ። ደግሞ ጫማ ታኮ ላይ ያየ ሰው ውስጥ የተኛ እንዳለ ያውቃል። ይሄን ከአንድ ጓደኛቸው ነው የተማርኩት ይሉ ነበር፤ አሰብ መንገድ ላይ።»

ትሕትና ከድንኳኑ ወጥታ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ቆመች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያ ድንጋይ ላይ የነበረው ጫማ ለሕፃናት የተሠራ ምልክት ይመስላት ነበር። አባቷ ለራሱ ያበጀው ዘዴ መሆኑን ዛሬ ሰማች። ያን የመጨረሻ ቀን ጫማውን ከድንጋዩ ላይ ያነሳው ራሱ አልነበረም። ጋሽ ቱሉ ናቸው ይዘውለት የገቡት። እያየች።

እንባዋን ጠርጋ ወደ ግቢው ሄደች። ግንቡ ሥር ከተደረደሩት ታኮዎች መሐል አንዱ ብቻ በሆዱ ተደፍቷል። በመሃረብ ገለበጠችው። «ሮቤራ» ይላል። ፊደላቱ ላይ የሸራ ጫማ ሶል ጥርሱን ጥሎበታል። ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀለሙ ሲደርቅ አብሮት የደረቀ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

*

«አልተኛሁም» አለ ሮቤራ።

የታኮውን ፎቶ ካሳየችው በኋላ ነው። ስሙን በጋሽ ቱሉ የእጅ ጽሕፈት ሲያይ ፊቱን በክርኑ ሸፍኖ ብዙ ቆየ።

«አዋሽ ስደርስ ልተኛ ነበር። አሌክስ ደወለ። ከባድ መኪና ከተማ መግባት የሚከለከልበት ሰዓት ሳይደርስ ንጋት ላይ ግቢ ካልሆንክ መሪውን ለሌላ እሰጠዋለሁ አለኝ። ጋላፊ ወረፋ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆመህ አርፈሃል አይደል አለኝ። ወረፋ እረፍት አይደለም ልለው ፈልጌ አፈርኩ። መዝገቡን አሳምረህ ሙላው አለኝ፤ ሞላሁት። ከዚያ ጋሽ ቱሉ ሞቱ። ሳልተኛ ነው የመጣሁት ብል እኔ ገደልኳቸው ማለት መሰለኝ።»

«ታኮውስ? ጫማውስ?»

«ታኮውን አደረግሁ፤ ጫማዬን ከላዩ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሲያወጡኝ ብቻ ነው የማስታውሰው።»

ሳጅን ቶሌሳ ራሱን አከከ። «ያ ሁሉ ሲሆን አልነቃህም?»

ትሕትና መለሰችለት። «አሥራ ሰባት ሰዓት ሙሉ ነድቶ? ጣሪያው ቢወድቅበት አይነቃም። ሳጅን፣ እንቅልፉን ዋሽቶናል። ታኮውን አልዋሸም። ጫማውን ከታኮው ላይ አንስቶ ደረጃው ላይ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። በሥርዓት፣ ጎን ለጎን። እዚያ ግቢ ሾፌሩም ጥበቃውም ጫማ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ያላወቀው ማን ነው?»

«እሱን እንጃ። ደግሞስ የተኛ ሰው መኪና ምን ያደርግለታል?»

«መንገድ ይዘጋበታል» አለችና ተነሳች። ያን ጊዜ ነው የጋሽ ዳዊ አይሱዙ ትዝ ያላት።

*

ቃለሕይወት የሚባለውን የአይሱዙ ሾፌር ተክለ ሃይማኖት፣ ጎማ መሸጫው ደጅ ጎማ ሲያንከባልል አገኙት።

«እኔን ለምን ሳትጠይቁኝ ቀራችሁ እያልኩ ነበር» አለ። «ደግሞ ጠርታችሁኝ ውዬ እንዳላድር ብዬ ዝም አልኩ።»

«ያን ጠዋት ምን ሆነ?»

«መውጫ አጣሁ። ነፋሁ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ‹ልጄ፣ ሰው ተኝቷል› አሉኝ። ሰው ቢተኛ እኔ ምን ላድርግ አልኳቸው። አለቅየው ከቢሮ ወርዶ ‹ቀስቅሱት› አለ። ሽማግሌው ‹አይቀሰቀስም› አሉ። ‹ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ብቻ› አለ። ‹ሁለት ሜትርም ቢሆን› አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። አለቅየው ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹ቁርስህን ብላና ና፣ ስትመለስ ክፍት ነው› አለኝ። ፍርፍሬን አዝዤ ገና ሳልጎርስ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

*

አሌክስ ግቢው ውስጥ፣ የሮቤራ መኪና አጠገብ ነበር የጠበቃቸው። ትሕትና ጫማውን በፌስታል ይዛለች።

«አንድ ነገር አስረዳኝ» አለችው። «ሾፌር ሲተኛ ጫማውን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«ደረጃው ላይ ነዋ። ሌላ የት ያስቀምጣል?»

ከኋላ ጋሽ ዳዊና ሴና ቆመው ነበር። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። አሌክስ አያቸው፤ የሆነ ነገር እንዳለ ገባው፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

«ትናንት ስንጨባበጥ» አለች ትሕትና፣ «እጅህ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። እኔ ያንን ሽታ ስለምወደው ወደ ሌላ ትዝታ ሄድኩ እንጂ ልጠይቅህ ይገባ ነበር። ግራሶ የማይወድ፣ ከስክሪን ሌላ የማይነካ ሰው በናፍጣ ምን ይታጠባል? የዘይት ቀለም ነው በናፍጣ የሚለቀው። ታኮው ላይ ያልደረቀ ቀለም ነበር፣ አሌክስ። አሁን ደርቋል። አውራ ጣትህ አብሮት ደርቋል።»

አሌክስ አውራ ጣቱን አየ። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ ጫማው የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

«አልቀሰቀስኩትም» አለ። «እሳቸው አይቀሰቀስም አሉ። እኔም አልቀሰቀስኩትም። ታኮውን ወደ ግንቡ መልሼ፣ የጋቢናውን በር ቀስ አድርጌ ከፍቼ ፍሬኑን ብቻ ነው የለቀቅኩት። ሞተር እንኳ አላስነሳሁም፣ እንዳይነቃ ብዬ። ሁለት ሜትር ቢሄድልኝ መልሼ ልይዘው ነበር። ክብደቱ ይዞት ይሄዳል አላልኩም። ጫማውን መንገድ ላይ ጎማ እንዳይሄድበት ብዬ ነው ያነሳሁት። የሰው ጫማ ነው ብዬ።»

«ጋሽ ቱሉስ?»

«ልደታ ሄደዋል ብዬ ነበር። ከተሳቢው ኋላ መሆናቸውን አላየሁም። ያንን ታኮ ይዘው ምን እንደሚሠሩም አላውቅም።»

ትሕትና ወደ ግንቡ አየች። ያወቀችው አሁን ነው። መኪና ለማቆም የሮጠ ሰው አልነበረም። ጋሽ ቱሉ ከደጀ ሰላሙ ቶሎ የተመለሱት ልባቸው አላርፍ ብሎ ነው። ግቢው ተዳፋት ነው፤ ተሳቢው ከባድ ነው፤ የልጁ አንድ ታኮ አልበቃቸውም። አሮጌ ታኮ አንስተው ከተሳቢው ኋላ ጎንበስ ብለው ሁለተኛውን ሊሸጉጡለት ነበር። በሰላም እንዲተኛ።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው። «ያ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ገዳይ ተብሎ ሲቀመጥ።»

«መጀመሪያ የሆነውን ማመን አቃተኝ። ከዚያ መዝገቡ ውሸት ስለሆነ ማንም እንደማያምነው አወቅሁ» አለ አሌክስ። «መዝገቡን እንዲዋሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፉት።»

ሳጅን ቶሌሳ ጻፈው።

*

የዐቃቤ ሕጉ ደብዳቤ በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሮቤራ ይለቀቃል። ስለ ሐሰተኛው መዝገብ ለመንገድ ትራንስፖርት መልስ ይሰጣል፤ ለጥቂት ወራት መሪ አይዝ ይሆናል። ገዳይ ግን አይደለም።

እናቱ ወይዘሮ ሎሚ ከጣቢያው በር ላይ ሦስት ቀን የቆሙ ይመስላሉ። ትሕትና ደብዳቤውን ስታነብላቸው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ልንገረው? ልግባ?» አሉ።

አብረው ገቡ። ሮቤራ አግዳሚው ላይ ተጋድሟል። ከተያዘ ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም ብለው ነበር ጠባቂዎቹ። አሁን አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ አንድ እጁ ወደ መሬት ወርዷል፤ ጣቱ ላይ ያለው ቀይ ገና አልለቀቀም። ከጋላፊ ከተነሳ ወዲህ ማንም ያላስቸኮለው እንቅልፍ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ጠባቂው ትከሻውን ሊነካው ጎንበስ አለ።

«ተወው» አለች ትሕትና።

«ኢንስፔክተር፣ የሚፈታ ሰው እኮ ነው። የምሥራች ነው።»

«የምሥራቹ አይሄድም። ይጠብቀዋል።»

ወይዘሮ ሎሚ ነጠላቸውን አንጥፈው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ልጃቸውን ብቻ እያዩ። ትሕትና ፌስታሉን ሳይንኮሻኮሽ ፈታችው። ጫማውን አውጥታ፣ በሩ እንዳይዘጋ ከተደገፈበት ጡብ ላይ፣ ከኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው።

በኮሪደሩ ሁለት ፖሊሶች ጮክ ብለው እየተሳሳቁ መጡ። ጫማውን አዩ፤ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። ግን ትሕትና ከጎኑ ቆማ ነበርና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ።